ኤ አይን በቢሮ ሥራ ላይ እንዴት እናውለው? ከደብዳቤ እስከ ደመወዝ ሠንጠረዥ፣ ደረጃ በደረጃ

ሲጽፉለት በጽሑፍ የሚመልሰው ቻትጂፒቲ የተባለ ፕሮግራም ለሕዝብ የተከፈተው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችን በአጭሩ ኤ አይ የምንለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለብቻው ተከፍቶ የሚታይ ድረ ገጽ መሆኑ ቀርቶ ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ጂሜይልና ዙም ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። በየመሥሪያ ቤቱ «እንጠቀም ወይስ ይቅርብን» የሚለው ክርክር ሳይቋጭ ጸሐፊዋም፣ የሰው ኃይል ባለሙያውም፣ የፕሮጀክት ኦፊሰሩም በየስልካቸው ጀምረውታል። ችግሩ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ተደብቆ መሆኑ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ ስላላሳየውም በግምት ይሠራል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ኤ አይ ወደ ቢሮ ሲገባ የሥራው ክብደት ቦታ ይቀይራል። ቀድሞ ጊዜ የሚበላው መጻፉ ነበር፤ አሁን ጊዜ የሚፈልገው ጉዳዩን በደንብ ማስረዳቱና የመጣውን ረቂቅ መመርመሩ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እጅግ ይጠቀማል። የማያውቀው ደግሞ ያማረ ስህተት ፈርሞ ያወጣል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያርፉት በዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ሥራ ብቻ ይምረጡ

በአንድ ሳምንት ውስጥ በእጅዎ የሚያልፈውን ሥራ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከዝርዝሩ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣውንና ውጤቱ ልክ መሆን አለመሆኑን እርስዎ ራስዎ በደቂቃዎች ውስጥ ማረጋገጥ የሚችሉትን ይፈልጉ። የማሳሰቢያ ደብዳቤ፣ የረዥም ሪፖርት ማጠቃለያ፣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ፣ ለውጭ አጋር የሚላክ ኢሜይል፣ የቃለ ጉባኤ ረቂቅ ለዚህ ይሆናሉ።

የማይሆነው በሰው ላይ ውሳኔ የሚያርፍበት ነገር ነው። ከመጡት ማመልከቻዎች አምስቱን ምረጥልኝ፣ የጨረታ ሰነዶቹን አወዳድረህ ነጥብ ስጥ፣ ይህ ሠራተኛ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል ወይ፦ እነዚህን ለኤ አይ አይስጡ። ማሽኑ መልስ አያጣም። አመልካቹ «ለምን ቀረሁ?» ብሎ ሲመጣ ግን ምክንያቱን ይዞ ፊቱ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ለመጀመር በነጻ የሚሠሩት ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ ወይም ኮፓይሎት ይበቃሉ። ያንኑ ሥራ ለሁለቱ ይስጡና አማርኛው የተሻለውን ያስቀሩ። በዶላር የሚከፈለውን ወርኃዊ አገልግሎት ነጻው ጥቅም ሰጥቶዎት ሳያዩ አይግቡበት።

አማርኛ ተጠቃሚ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች ጽሑፍን የሚያነቡት ቆራርሰው ነው። አንድ የላቲን ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ በተለመደው አቀማመጥ 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በዚያ ላይ ፕሮግራሞቹ የሠለጠኑት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛው ይበልጥ ይቆራረሳል። በዚህ ምክንያት የተሰጠን የአጠቃቀም ገደብ ከእንግሊዝኛው ፈጥኖ ያልቃል፣ ረዥም ሰነድ ስናስገባም መሐሉን ዘሎ የሚያጠቃልልበት ጊዜ አለ። ረዥም ሪፖርት ካለዎት በምዕራፍ ከፋፍለው ያስገቡ፤ እያንዳንዱን አስጨርሰው ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 2፦ የማይገባውን አስቀድመው ይለዩ

የሳምሰንግ መሐንዲሶች የኩባንያውን የፕሮግራም ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ በመለጠፋቸው፣ ኩባንያው እ.አ.አ. በሜይ 2023 ሠራተኞቹ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን በሥራ ኮምፒውተራቸው ላይ እንዳይጠቀሙ አግዷል። መሐንዲሶቹ ሌቦች አልነበሩም፤ ሥራ ለማቅለል ብለው ነው ያደረጉት። እኛም ዘንድ አደጋው የሚመጣው እንዲሁ ነው። የደንበኛ አቤቱታ ከነስሙና ከነስልክ ቁጥሩ ኮፒ ተደርጎ ይገባል፤ የሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር «አስተካክልልኝ» ተብሎ ይለጠፋል፤ የመታወቂያ ፎቶ «ወደ ጽሑፍ ቀይርልኝ» ተብሎ ይላካል።

ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። ስለዚህ የሰው መረጃ መጠበቅ ከእንግዲህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የማይገቡት እነዚህ ናቸው፦ የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የሕክምና መረጃ፣ ደመወዝ ከነስሙ፣ የይለፍ ቃል፣ ያልተከፈተ የጨረታ ሰነድ፣ «ምሥጢር» የሚል ማኅተም ያረፈበት ማንኛውም ወረቀት። የቀረውን ስም ቀይረው ማስገባት ይችላሉ። ሰነዱን ዎርድ ላይ ይክፈቱ፣ «ፈልግና ተካ» በሚለው ስሞቹን «ሠራተኛ ሀ»፣ «ደንበኛ ለ» ብለው ይለውጡ፣ ረቂቁ ሲመጣ መልሰው ያስገቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ስም ቢጠፋም ማዕረጉ ሰውዬውን ሊያስታውቅ እንደሚችል ነው። «የቅርንጫፉ ብቸኛዋ ሴት ሹፌር» ካሉ ስሟን መደበቅዎ ዋጋ የለውም።

ቻትጂፒቲ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ «ዳታ ኮንትሮልስ» የሚባል ቦታ አለ። ጽሑፍዎ ለሞዴሉ ማሠልጠኛ እንዳይውል እዚያ ያጥፉ። ይህን ቢያጠፉም የጻፉት ነገር የሚሄደው ከመሥሪያ ቤትዎ ውጭ ወዳለ ሰርቨር ነውና ከላይ የተዘረዘሩትን ለማስገባት ፈቃድ አያደርጉት።

ደረጃ 3፦ ጉዳዩን እንደ ሰው ያስረዱት

«ለአቅራቢ የማሳሰቢያ ደብዳቤ ጻፍልኝ» ብለው ብቻ ከጠየቁ የሚመጣው ለማንም የሚላክ፣ ማንንም የማይመለከት ደብዳቤ ነው። ጥሩ ትእዛዝ ማን እንደሚጽፍ፣ ለማን እንደሚጽፍ፣ ምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንደሚፈለግ፣ ቅርጹ ምን እንደሆነና ምን መጨመር እንደሌለበት ይናገራል። አንድ ሙሉ ምሳሌ ይኸው፦

«አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ማተሚያ ቤት የግዥ ባለሙያ ነኝ። ለወረቀት አቅራቢያችን የማሳሰቢያ ደብዳቤ አርቅቅልኝ። ሁኔታው፦ ጥር 6 በተፈራረምነው ውል መሠረት 200 ካርቶን ወረቀት እስከ የካቲት 6 ማስረከብ ነበረበት፤ እስካሁን የገባው 120 ነው። ሁለት ጊዜ በስልክ ጠይቀናል። የምንፈልገው ቀሪው 80 ካርቶን ደብዳቤው በደረሰው በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲገባ ነው። ከአቅራቢው ጋር መሥራታችንን እንቀጥላለን፤ ስለዚህ ቃሉ ጠበቅ ያለ ግን ጨዋ ይሁን። ቅርጹ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሁን፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ሐተታ፣ ከሰላምታ ጋር፣ ግልባጭ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እኔ ያልነገርኩህን ቀን፣ መጠን ወይም የሕግ አንቀጽ አትጨምር። የጎደለ ነገር ካለ ባዶ ቦታ ትተህ ጠይቀኝ።»

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከሁሉ ይበልጣሉ። እነሱ ከሌሉ ረቂቁ ላይ ያልተስማማችሁበት የቅጣት መጠን ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ ሊገባበት ይችላል፤ አቅራቢው ጠበቃ ካለው ደግሞ የሚይዛት እሷን ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ» ብሎ ይጀምራል። በኛ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲህ አይጀመርም፤ «በርእሱ እንደተጠቀሰው» ወይም በቀጥታ «ከድርጅታችሁ ጋር ጥር 6 ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት» ተብሎ ይገባል። ይህን በማስረዳት ጊዜ አያጥፉ። ከመዝገብ ቤት አንድ የቆየ፣ በደንብ የተጻፈ ደብዳቤ ያውጡ፣ ስሞቹን ይቀይሩ፣ «በዚህ አጻጻፍ ጻፍ» ብለው ይለጥፉለት። ከመቶ ቃል ማብራሪያ ይልቅ አንድ ናሙና ያስተካክለዋል። ጥሩ ደብዳቤ ጽፈው ጡረታ የወጡ ሰዎች ፋይሎች በየመዝገብ ቤቱ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ አሁን ዋጋቸው ጨምሯልና ይፈልጓቸው።

ረቂቁ ካልጣመዎት እንደገና ከመጀመር ይልቅ እዚያው ያርሙት፦ «ሁለተኛውን አንቀጽ በግማሽ አሳጥር»፣ «ማሳሰብ እንወዳለን የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀም»። በመጨረሻ ጮክ ብለው ያንብቡት። አፍዎ ላይ የተሰናከለው ዓረፍተ ነገር የተቀባዩም ዓይን ላይ ይሰናከላል።

ደረጃ 4፦ ቀን፣ ሰዓትና ስም በእጅ ይመርመሩ

አገራችን ውስጥ ኤ አይ ከሁሉ ይበልጥ የሚስተው እዚህ ነው፤ እባክዎ ይህን ደረጃ አይዝለሉት።

ከሰዓት እንጀምር። «ስብሰባው ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ኢሜይል ሲያስለውጡ 8 የምትለው ቁጥር እንዳለች ልታልፍ ትችላለች። ጄኔቭ ያለው አጋርዎ ዙም ላይ ከጠዋቱ በ2 ሰዓታችን ገብቶ ማንንም አያገኝም፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። መፍትሔው ለውጡን ለማሽኑ አለመተው ነው። ራስዎ ቀይረው «በፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በኋላ 2፡00፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት አቆጣጠር» ብለው ይስጡትና «ሰዓቱን አትንካ» ይበሉት።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ይውላል። ኤ አይ ግን ጁላይ 1 ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «የ2018 በጀት ዓመት ዕቅድ» የሚለውን ርእስ ሲተረጉም ዓመቱን እንዳለ ካስቀመጠው ደግሞ የውጭው አንባቢ ብዙ ዓመት ያለፈበት ዕቅድ የደረሰው ይመስለዋል። በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ሁልጊዜ 2025/26 የሚለውን አብረው ያስፍሩ።

ጳጉሜንን ደግሞ ጨርሶ የሚረሳበት ጊዜ አለ። ነሐሴ 25 ቀን የደረሰ ደብዳቤ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይፈልጋል እንበል። አምስት ቀን ቆጥረን ነሐሴ 30፣ አምስት ቀን ጨምረን ጳጉሜን 5፣ ሌላ አምስት ጨምረን መስከረም 5 እንደርሳለን። በሉቃስ ዘመን ጳጉሜን 6 ስለሆነች መስከረም 4 ይሆናል። ጳጉሜንን የዘለለ ማሽን መስከረም 10 ይልዎታል። ይግባኝ ወይም የውል ማስረከቢያ ቀን ላይ አምስት ቀን ማለት ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው። የቀን ስሌት በግድግዳው ካላንደር ላይ በጣትዎ ይቁጠሩ፤ በዚህ ጉዳይ ካላንደሩ ይበልጣል።

ስም ላይ ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ ፈረንጆች የቤተሰብ ስም ስላላቸው ማሽኑ ወይዘሮ አልማዝ ከበደን በእንግሊዝኛው «ሚሲስ ከበደ» ብሎ በአባታቸው ስም ሊጠራቸው ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድን ስም በላቲን ፊደል ዛሬ አንድ ዓይነት፣ ነገ ሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። ፓስፖርት ወይም ውል ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ የባንክ ክፍያ ይመለሳል፣ የቪዛ ማመልከቻ ይንጓተታል። ደጋግመው የሚጽፏቸውን ሰዎች ስም ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለ ዝርዝር አድርገው በራስዎ ፋይል ይያዙ፣ ማሽኑን «ሠራተኛ ሀ» በሚሉት ዓይነት ምትክ ስም ያሠሩት፣ ስሙን መጨረሻ ላይ ራስዎ ያስገቡ።

አንቱታንም አይርሱ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመልስ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ «ልትልክልን ትችላለህ» ብሎ ሊጨርስ ይችላል። ኃላፊዋ ሴት ሆነው ሳለ «ዳይሬክተሩ» ሊልም ይችላል። ትእዛዙ ላይ «ተቀባይዋ ሴት ናቸው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንቱታ ጻፍ» ብለው ይጨምሩ፤ ከዚያም ግሶቹን አንድ በአንድ ይዩ። በዕድሜ የገፉ ሰው በ«አንተ» የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ማሽን ጻፈው ብለው አያዝኑልንም፤ ናቁኝ ብለው ያዝናሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ደረጃ 5፦ ቃለ ጉባኤ

ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አማርኛን ያካትታሉ፤ ነገር ግን ስምንት ሰው የሚያወራበትን፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበትን ስብሰባ በትክክል ይጽፉልኛል ብለው አይተማመኑ። የተሻለው መንገድ ቀላል ነው። በስብሰባው ላይ እንደወትሮው አጭር ማስታወሻ ይያዙ። ሲያልቅ፣ ነገሩ ሳይቀዘቅዝ፣ ማስታወሻዎን ስልክዎ ላይ ያንብቡለት፤ የጉግል ኪቦርድ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚናገሩትን ይጽፋል። አንድ ሰው ዝግ ብሎ ሲናገር ውጤቱ ጥሩ ነው። ድምፅ የሚቀዱ ከሆነ ግን ተሰብሳቢዎቹን አስቀድመው ያስፈቅዱ።

የተጻፈውን ወስደው እንዲህ ይዘዙ፦ «ከዚህ ማስታወሻ ቃለ ጉባኤ አዘጋጅ። የተገኙ፣ ያልተገኙ፣ አጀንዳ፣ ውይይት፣ ውሳኔ፣ ፈጻሚ፣ የጊዜ ገደብ በሚል ለያይ። ‹ተወሰነ› ብዬ ያልጻፍኩትን ውሳኔ አታድርገው።» ዋናው አደጋ ይህ ነው። አንድ ሰው «ቢሮውን ብንቀይርስ?» ብሎ ሐሳብ ያነሣውን ማሽኑ «ቢሮው እንዲቀየር ተወሰነ» ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ የውሳኔውን ክፍል ብቻ ከእጅ ማስታወሻዎ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩ። ሌላውን ክፍል በፍጥነት ማለፍ ይችላሉ።

ደረጃ 6፦ ቁጥር አያስደምሩት፤ ፎርሙላ ያስጽፉት

ውይይት ላይ የተመሠረቱት እነዚህ ፕሮግራሞች ዋና ሥራቸው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መገመት ስለሆነ የረዥም ዝርዝር ድምር ላይ ይሳሳታሉ፤ ስህተታቸውንም በእርግጠኝነት ነው የሚናገሩት። የኤክሴል ፎርሙላ መጻፍ ላይ ግን ጎበዞች ናቸው። «በ‹ቢ› ዓምድ መሠረታዊ ደመወዝ አለ፤ በ‹ሲ› የሠራተኛውን 7 ከመቶ ጡረታ፣ በ‹ዲ› የአሠሪውን 11 ከመቶ የሚያወጣ ፎርሙላ ስጠኝ» ይበሉ። አንድም ደመወዝ አላሳዩትም፤ የዓምዶቹን ስም ብቻ ነው የነገሩት። ፎርሙላውን ኤክሴል ላይ አስገብተው መልሱን በሚያውቁት ቁጥር ይፈትኑት፦ 10,000 ብር ላይ 700 እና 1,100 ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስቷል።

የሥራ ግብር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ የማሽኑ እውቀት ያረጀ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር የማይከፈልበት ወርኃዊ ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ኤ አይ የሠራልዎትን ሠንጠረዥ በ2,000 ብር ደመወዝ ይሞክሩት። 157 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ካወጣ የሠራው በድሮው ነው። አዲሱን የግብር ሠንጠረዥ ራስዎ ይለጥፉለትና በእሱ ብቻ እንዲሠራ ይዘዙት።

ደረጃ 7፦ ሕግ ሲጠይቁ ሕጉን ይስጡት

«የዓመት እረፍት ስንት ቀን ነው?» ብለው በባዶ ቢጠይቁ በተሻረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 377/96 የነበረውን 14 የሥራ ቀን ሊነግርዎት ይችላል። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይላል። ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለየሁለቱ ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ይጨምራል። በዚህ ስህተት የሚጎዳው ሠራተኛው ነው፤ ሁለት ቀን ከልጆቹ ጋር የሚያሳልፍበትን እረፍት ማንም ሳያስተውል ያጣል።

ስለዚህ አሠራሩ ይህ ይሁን፦ የአዋጁን ፒዲኤፍ ከነጋሪት ጋዜጣው ያግኙ፣ ይጫኑለት፣ «ከዚህ ሰነድ ብቻ መልስ፤ የአንቀጹን ቁጥርና ቃሉን እንዳለ ጥቀስ፤ ከሌለ የለም በል» ይበሉት። ከዚያ አንቀጹን ከፍተው በዓይንዎ ያንብቡ። ነጋሪት ጋዜጣ ብዙ ጊዜ ስካን የተደረገ ምስል ስለሆነ ማሽኑ የአማርኛውን ፊደል አሳስቶ ሊያነብ ይችላል፤ ገጹን ሳያዩ የጠቀሰውን ቃል ብቻ አይመኑ።

ይህን ያልተከተሉ የኒው ዮርክ ጠበቆች ምን እንደገጠማቸው ዓለም ያውቀዋል። በአንድ የአየር መንገድ ተሳፋሪ ክስ ላይ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጨርሶ ያልነበሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቀረቡ፤ ዳኛው እ.አ.አ. በጁን 2023 5,000 ዶላር ቀጣቸው። ጠበቆቹ ውሳኔዎቹ እውነት መሆናቸውን የጠየቁት መልሰው ያንኑ ቻትጂፒቲን ነበር። የማሽኑን መልስ በማሽኑ ማረጋገጥ ማረጋገጥ አይባልም።

ደረጃ 8፦ ደንበኛ ፊት ከማቆምዎ በፊት

አሁን አሁን ቴሌግራም ላይ ለደንበኛ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ማለትም ቦት፣ የሚያሠራ ድርጅት በዝቷል። እዚህ ላይ አጭር ምክር ነው ያለኝ። እ.አ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በካናዳ አንድ የዳኝነት አካል ኤር ካናዳ የተባለው አየር መንገድ ቦቱ ለተሳፋሪ በሰጠው የተሳሳተ መረጃ ተጠያቂ ነው ብሎ ወስኗል፤ «ቦቱ ለራሱ ይጠየቅ» የሚለውን መከራከሪያ አልተቀበለም። ክላርና የተባለው የስዊድን የክፍያ ኩባንያ በዚያው ወር ኤ አይ የ700 የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞችን ሥራ እየሠራልኝ ነው ብሎ ነበር፤ እ.አ.አ. በ2025 ደግሞ ሰው ወደ መቅጠር ተመልሷል። ቦት ካሠሩ የሥራ ሰዓት፣ አድራሻና የሚያስፈልጉ ሰነዶች ላይ ይወስኑት። ዋጋ፣ ተመላሽ ገንዘብና አቤቱታ ሲነሣ ወዲያው ወደ ሰው ያስተላልፍ።

ደረጃ 9፦ ከተደበቀ አሠራር ይውጡ

ከላይ ያሉትን ለአንድ ወር ያህል ከሞከሩ በኋላ ለኃላፊዎ ያሳዩ። የድሮውንና የአሁኑን ደብዳቤ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጡ፣ ስንት ሰዓት እንደቀነሰ፣ የት የት እንደተሳሳተ ይንገሯቸው። ስህተቱን ጨምረው ሲናገሩ ነው የሚታመኑት። ከዚያ አንድ ገጽ የምትሆን የጋራ ስምምነት ይጻፉ፤ ለየትኞቹ ሥራዎች እንደሚፈቀድ፣ ምን እንደማይገባ፣ ማን ሳያይ ምን እንደማይወጣ። ፊርማ ያረፈበትን ወረቀት ማንም ያርቅቀው፣ ተጠያቂው የፈረመው ሰው መሆኑም በግልጽ ይስፈርበት።

አዲስ ስለተቀጠሩ ልጆች ግን ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ደብዳቤ ማርቀቅ፣ ሪፖርት ማጠቃለል ጀማሪ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን የሚማርበት ሥራ ነበር። አለቃው በቀይ እስክሪብቶ ሲያርምለት ለምን ይህ ቃል እንደማይሆን፣ ለማን ምን እንደሚባል ይገባዋል። ያንን ሁሉ ለማሽን ከሰጠን ከአምስት ዓመት በኋላ የማሽኑን ረቂቅ የሚያርም ሰው ከየት እናገኛለን? ስለዚህ ጀማሪው በመጀመሪያዎቹ ወራት ረቂቁን በራሱ እጅ ይጻፍ። ከዚያ የእሱንና የኤ አይን ረቂቅ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ልዩነቱን ያስረዳ፤ የትኛው ለምን እንደሚሻል ይከራከር። የሚወስደው ጊዜ ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን የመሥሪያ ቤቱ ነው። ኃላፊ የሆናችሁ ይህን እንደ ሥልጠና በጀት ቁጠሩት።

በመጨረሻ ለክፍሉ የጋራ የሆነ አንድ የዎርድ ፋይል ይክፈቱ። የሠሩላችሁን ትእዛዞች ከነናሙና ደብዳቤያቸው፣ የስም አጻጻፍ ደንባችሁን፣ ያገኛችሁትንም ስህተት ከነቀኑ በየጊዜው ያስገቡበት። በየወሩ ማብቂያ አብራችሁ ከፍታችሁ ተመልከቱት። ከማረም ይልቅ በእጅ ቢጻፍ ይፈጥን የነበረ ሥራ ካገኛችሁ ከዝርዝሩ ሰርዙት፤ ወደ እጅ ይመለስ።